አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)፦ ትዳሯን ይዛ ባሕር የተሻገረችው ሙሃጂራ



የሐበሻው ሂጅራ ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን የንጉሡ ችሎት ነው። ነጃሺ በዙፋኑ፣ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ከፊቱ ቆሞ፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ደግሞ በጎን። በመድረሳ የተማርነው፣ በዳዕዋ መድረክ ደጋግመን የሰማነውም ይህንኑ ነው። ችሎቱ ግን የፈጀው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ሁለት ያህል ዓመታት ያለፉት በቤት ውስጥ ነው፤ እሳት ተለኩሶ፣ ልጅ ታዝሎ፣ የሰው አገር ቋንቋ ተለምዶ። የዛሬው ጽሑፋችን የዚያ ቤት እመቤት ስለነበረችው ስለ አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ነው።

ይህን ታሪክ አሁን እንድናነሳ የገፋፋን ምክንያት አለ። በየሰፈራችን ወጣት ባለትዳሮች ልጆቻቸውን አስተኝተው የሚነጋገሩት ስለ አንድ ጉዳይ ሆኗል፤ እንሂድ ወይስ እንቅር። ሳዑዲ ያለ ዘመድ ይጠራል፤ አሜሪካ ያለ ወንድም ወረቀት ጀምሯል፤ ያረጁ ወላጆች ደግሞ እዚህ አሉ። ልጆቹስ በየትኛው ቋንቋ ያድጋሉ? ዲናቸውን ማን ያስተምራቸዋል? የሶሐቦች ስደትና የእኛ ስደት አንድ ነው አንልም። እነርሱ የወጡት ኢማናቸውን ይዘው ነው፤ ከእኛ ብዙው የሚወጣው እንጀራ ፍለጋ ነው። ነገር ግን አስማ በሕይወቷ ያለፈችበትን ስናይ ዛሬ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ከፊቷ ቀርቦ እንደነበር እንረዳለን።

አስማ ከኸሥዐም ጎሳ ናት። እናቷ ሂንድ ቢንት ዐውፍ በሴት ልጆቿ የታወቀች እናት ነበረች፤ በምድር ላይ እንደ እርሷ የተከበሩ አማቾች ያሏት ሴት የለችም ይባልላት ነበር። በእናት የምትገናኛት እህቷ መይሙና ኋላ ላይ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሆናለች። ኡሙል ፈድል የዐባስ ሚስት ናት። ሰልማ ደግሞ ሐምዛን አግብታለች። አስማ የደረሰችው የአቡ ጧሊብ ልጅ ለሆነው ለጃዕፈር ነው። ጃዕፈር ያደገው በአባቱ ቤት አልነበረም። በመካ ድርቅ ገብቶ ልጅ የበዛበት አቡ ጧሊብ በተቸገረ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአጎታቸው ከዐባስ ጋር ተመካክረው ሸክሙን ሊያቀሉለት ዓሊን ወደ ቤታቸው ወሰዱ፣ ዐባስ ደግሞ ጃዕፈርን ወሰደ። ባልና ሚስቱ እስልምናን የተቀበሉት በጣም ቀድመው፣ ሙስሊሞች በአርቀም ቤት መሰባሰብ ሳይጀምሩ ነው።

በነቢይነቱ በአምስተኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ) መካ ለሙስሊም የምትኖር አልሆነችም። ጎሳ የሌለው ይገረፋል፣ ጎሳ ያለው በገዛ ዘመዱ ይታሰራል። ያኔ ነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ የመከሯቸው፤ ምክንያታቸውም በዚያ አገር ሰው የማይበደልበት ንጉሥ መኖሩ ነበር። ምርጫው ለቁረይሾች እንግዳ አልነበረም። ሐበሻ ለመካ ነጋዴዎች የታወቀ የንግድ አገር ነበር። መንገዱም አጭር ነው፤ ከመካ ወደ ሹዐይባ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ቀይ ባሕርን ማቋረጥ።

የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ወንዶችና አራት ወይም አምስት ሴቶች ነበሩ። ከመካ የወጡት ተደብቀው ነው። ወደቡ ሲደርሱ ሁለት የንግድ መርከቦች ገጠሟቸው፤ በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች ተከታትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ማንንም አላገኙም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የመካ ሰዎች ሰልመዋል የሚል ወሬ ወደ ሐበሻ ደረሰ። ስደተኞቹ አመኑት፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። መካ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ወሬው ውሸት መሆኑ ታወቀ። ከፊሉ ከለላ የሚሰጠው ሰው ፈልጎ ገባ፣ ከፊሉ ተደብቆ ገባ። የሄደውም የተመለሰውም ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በወሬ መሆኑን እኛም በዘመናችን በደላላ አፍ ሳናየው አልቀረንም።

አስማና ጃዕፈር የወጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ በሁለተኛውና በትልቁ ሂጅራ። በዚህኛው የወንዶቹ ቁጥር ሰማንያ ሦስት ያህል፣ የሴቶቹ ደግሞ አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። ጃዕፈር ከጎሳ አልባዎቹ ወገን አልነበረም። የአቡ ጧሊብ ልጅ ነው፤ አባቱም የበኑ ሃሺም አለቃ ነው። ከሄዱት ብዙዎቹ ይልቅ እርሱ መካ ቢቀር የሚጠጋበት ጥላ ነበረው። በእኛ አመለካከት የሄደው ለራሱ ሸሽቶ ብቻ አይደለም፤ መቶ ያህል ሰው በባዕድ አገር የሚመራው፣ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገው ነበርና ነው። አስማ ደግሞ ያኔ ገና ወጣት ሚስት ነበረች። እናቷንና እህቶቿን ትታ፣ የባሏ ኃላፊነት የእርሷም ኃላፊነት ሆኖ ባሕሩን ተሻገረች።

የቁረይሾች መልእክተኞች ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዐ ስደተኞቹን ሊያስመልሱ የመጡት ምርጥ የመካ ቆዳ ስጦታ ይዘው ነው። አሠራራቸው ብልጠት የተሞላበት ነበር። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የንጉሡ ሹም ስጦታውን ሰጡ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክባቸው ሹማምንቱ እንዲመክሩትም ለመኑ። ነጃሺ ግን ተጠግተውኝ የመጡ ሰዎችን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም ብሎ አስጠራቸው። ጃዕፈር ከእስልምና በፊት የነበሩበትን ሕይወት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሯቸውን፣ ሕዝባቸው ያደረሰባቸውን በደል በቅደም ተከተል አስረዳ። ቁርኣን እንዲያሰማው ሲጠየቅ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀራለት። ንጉሡ አለቀሰ፤ ጳጳሶቹም አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ አዲስ ወጥመድ ዘረጋ። ስደተኞቹ በዚያች ሌሊት ምን እንመልስ ብለው ተመካከሩ፤ የመጣው ይምጣ ከእውነቱ ፈቀቅ አንልም ብለው ወሰኑ። ጃዕፈር የዒሳን የአላህ ባሪያነትና መልእክተኛነት፣ ወደ ድንግሊቱ መርየም የተጣለ ቃሉ መሆኑን ሳይሸሽግ ተናገረ። ነጃሺም ተቀበለው፤ ሹማምንቱ ቢያጉረመርሙም የቁረይሽን ስጦታ መለሰ።

የዚህን ሁሉ ዝርዝር ያቆየችልን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት። እርሷም ከስደተኞቹ አንዷ ነበረችና።

ጥሩ ንጉሥ ተገኘ ማለት ግን ኑሮው ቀለለ ማለት አልነበረም። በዚያው በሐበሻ አንድ ባላንጣ በነጃሺ ላይ ተነሳበት። ኡሙ ሰለማ እንደምታወሳው ስደተኞቹ ከዚያ የከፋ ጭንቀት አላወቁም፤ አዲሱ ሰው ካሸነፈ መብታቸውን የሚያውቅላቸው አልነበረም። ጦሩ የተገናኘው ከአባይ ማዶ ነው። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም በተነፋ ስልቻ ላይ ተንሳፎ ወንዙን ተሻገረና ውጊያውን ሲመለከት ቆየ። የቀሩት ለነጃሺ ድል ዱዓ ሲያደርጉ ነበር። ዙበይር በሩቁ ልብሱን እያውለበለበ የድሉን ብሥራት ይዞ ሲመለስ ያዩት ደስታ ከፍተኛ ነበር። በሰው አገር ያለ ሰው የዚያን አገር ሰላም ከአገሬው በላይ የሚጸልይለት ለምን እንደሆነ ስደት የቀመሰ ያውቀዋል።

አስማ ሦስት ልጆቿን የወለደችው በዚህ ምድር ነው፤ ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን። ዐብደላህ በሐበሻ ከሙስሊም የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ እንደሆነ ይነገራል። በአንዳንድ ዘገባዎች ደግሞ በዚያው ሰሞን ለነጃሺ ልጅ ተወልዶለት፣ ስሙን ዐብደላህ ብሎ እንዳወጣለትና አስማም ከልጇ ጋር እንዳጠባችው ይወሳል።

ስደት ሁሉንም ቤት በእኩል አልያዘም። ዑበይዱላህ ኢብኑ ጀሕሽ በሐበሻ ሳለ ዲኑን ቀይሮ እዚያው ሞተ። ሚስቱ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) አባቷ አቡ ሱፍያን በመካ የሙስሊሞች ዋና ባላጋራ ነው፤ ባሏ ጥሏታል፤ እጇ ላይ ሕፃን ልጇ ሐቢባ አለች። ወደ ኋላም ወደ ፊትም መሄጃ አልነበራትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ሆነው እንዲያገቧት መልእክት በላኩ ጊዜ ኒካሑን ያስፈጸመው ነጃሺ ነው፤ መህሯንም አራት መቶ ዲናር ከራሱ ከፈለ። በዚያች ትንሽ የስደተኞች ማኅበር ውስጥ ስትኖር አስማ ይህን ሁሉ በቅርብ ያየች ናት። ሰው አገር የሄደ ቤተሰብ አንዱ ሲጸና ሌላው ሊፈርስ እንደሚችል ለማወቅ ጎረቤቷን ማየት ይበቃት ነበር።

ልጆች ሲያድጉ ያደጉበትን አገር ቋንቋ ይይዛሉ። የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ ኡሙ ኻሊድም የተወለደችው በሐበሻ ነው። መዲና ከመጡ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ትንሽ ጥቁር ልብስ በእጃቸው አለበሷትና ማማሩን የነገሯት በሐበሻ ቋንቋ ነበር፤ ሰናህ በሚል ቃል። ይህ ከግእዙ ሠናይ ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። የሕፃኗን አንደበት አላሳፈሩባትም፤ በምታውቀው ቃል አናገሯት። ከውጭ አገር የመጡ የዘመድ ልጆች አማርኛው ሲያደናቅፋቸው የምንስቅ ሰዎች ይህን ሐዲስ ብናስታውሰው መልካም ነበር።

ዓመታት አለፉ። በ619 ገደማ አቡ ጧሊብ በመካ ሞተ፤ ልጁ ጃዕፈር አልነበረም። በዚያው ዓመት ኸዲጃም (ረ.ዐ) ወደ አኼራ ሄደች። በ622 ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ተሰደዱ። ይህ ዜና ሐበሻ ሲደርስ ከሰላሳ የሚበልጡ ወንዶችና ስምንት ሴቶች ወዲያው ተነስተው ተመለሱ። ከእነርሱም በድር ላይ የተገኙ አሉ። አስማና ጃዕፈር ግን አልተመለሱም። በድር ያለ እነርሱ አለፈ፤ ኡሑድ አለፈ፤ በኡሑድ የእህቷ የሰልማ ባል ሐምዛ ሸሂድ ሆነ። ኸንደቅም አለፈ።

ለምን ቆዩ? ምክንያቱን ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ዘገባ እናገኘዋለን። አቡ ሙሳ ከሃምሳ በላይ ከሚሆኑ የየመን ወገኖቹ ጋር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፍለጋ በመርከብ ሲወጣ ጉዞው ወደ ሐበሻ ወሰዳቸውና ከጃዕፈር ጋር ተገናኙ። ጃዕፈር የአላህ መልእክተኛ እዚህ እንደላኳቸውና እንዲቆዩም እንዳዘዟቸው ነግሮት ከእነርሱ ጋር እንዲቆይ ጋበዘው። ቆይታቸው የመርሳት ወይም ኑሮው የተመቻቸው ሰዎች ቆይታ አልነበረም፤ የተሰጣቸው ግዳጅ ነበር። ይህ ግን ለአስማ ልብ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ራሷ ኋላ ላይ በአንድ ንዴት ወቅት አውጥታዋለች።

በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ (628) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ኢብኑ ኡመያ አድ-ደምሪን ወደ ነጃሺ ላኩ። ንጉሡ ስደተኞቹን በሁለት መርከቦች አሳፍሮ ሸኛቸው። አስማ ስትሄድ ከባሏ ጋር ሁለት ሆና ነበር፤ ስትመለስ አምስት ሆነው ነው። ትልቁ ዐብደላህ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አያቱን አያውቅም፣ የአባቱን አገር አላየም። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገኟቸው ኸይበር በተከፈተበት ጊዜ ነበር። ጃዕፈርን አቅፈው ግንባሩን ሳሙት፤ በኸይበር መከፈት ይሁን በጃዕፈር መምጣት የበለጠ የተደሰቱት በየትኛው እንደሆነ ለመለየት እንደሚቸግራቸውም ገለጹ። በውጊያው ያልተገኙ ቢሆኑም ለመርከቦቹ ሰዎች ከምርኮው ድርሻ ሰጧቸው።

በአንድ አጋጣሚም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባሕር ማዶ የተመለሱትን በሐበሻ ያዩትን አስደናቂ ነገር ጠየቋቸው። ወጣቶቹ ያወሩት ስለ ቤተ መንግሥት ወይም ስለ ወርቅ አልነበረም። ከመነኮሳቱ ወገን የሆነች አንዲት አሮጊት እንስራ ውሃ በራሷ ተሸክማ ስታልፍ አንድ ጎረምሳ ገፍትሮ ጣላት፤ እንስራዋ ተሰበረ። አሮጊቷ ከወደቀችበት ተነስታ ወደ ልጁ ዞረችና፣ አላህ ለፍርድ በሚቀመጥበት፣ እጅና እግር የሠሩትን በሚመሰክሩበት ቀን የእርሷና የእርሱ ጉዳይ እንዴት እንደሚሆን እንደሚያውቅ ነገረችው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አሮጊቷ እውነት መናገሯን መሰከሩ። ደካማው ከብርቱው መብቱን የማያገኝበት ሕዝብ እንዴት ሊጠራ ይችላል ሲሉም አከሉበት። ይህች ስሟ ያልታወቀ የአገራችን አሮጊት በሐዲስ መዝገብ ገብታ እስከ ዛሬ አለች።

ወደ አስማ እንመለስ። መዲና እንደገቡ አስማ ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ሄደች። የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ) ገባና እንግዳዋ ማን እንደሆነች ጠየቀ። ስሟ ሲነገረው ያቺ ሐበሻዊቷ፣ ያቺ የባሕሯ እንደሆነች ጠየቀ፤ እርሷም አዎን አለች። ዑመርም መዲናዎቹ በሂጅራ እንደቀደሟቸውና በአላህ መልእክተኛ ላይ የበለጠ መብት እንዳላቸው ነገራት። ቀልድም ይሁን ቁም ነገር አስማ አልተቀበለችውም። ተቆጣች። እነርሱ ከአላህ መልእክተኛ ጋር ሆነው የተራበው ሲበላላቸው፣ ያላወቀው ሲማርላቸው፣ የመርከቦቹ ሰዎች ግን በሩቅና በሚጠላቸው ሕዝብ መካከል እየፈሩ፣ እየተጎዱ መኖራቸውን፣ ይህም ለአላህና ለመልእክተኛው ሲባል መሆኑን ፊት ለፊት ነገረችው። ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳትነግር ምግብ እንደማትቀምስ፣ ውሃ እንደማትጠጣም ማለች። አንዲት ቃል እንደማትጨምርና እንደማታጣምምም ቃል ገባች።

እዚህ ላይ እኛ የሐበሻ ልጆች ትንሽ ሳንከፋ አንቀርም። ነጃሺን ስናወድስ የኖርን ነን፤ አስማ ደግሞ ስለ ጥላቻ ትናገራለች። ሁለቱም እውነት ነው። ንጉሡ ፍትሐዊ ነበር፤ የመንገዱ፣ የገበያው፣ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ ግን ንጉሡ አልነበረም። እንግዳን ያስጠጋ አገር ውስጥም እንግዳ መሆን ከባድ ነው። ዛሬም በሰው አገር ያሉ እህቶቻችን በስልክ የሚነግሩን ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ አስማ የተባለውን፣ የመለሰችውንም ነገረቻቸው። ፍርዳቸው አጭር ነበር፤ ለዑመርና ለባልንጀሮቹ አንድ ሂጅራ አለቻቸው፣ ለመርከቦቹ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ። ወሬው በመዲና ሲሰማ ከሐበሻ የተመለሱት በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ አስማ ቤት ይመጡ ጀመር። የሰማችውን ደግማ እንድትነግራቸው ይለምኗታል። አቡ ሙሳ ደጋግሞ ካስነገሯት አንዱ ነበር። በዱንያ ላይ ከዚያ ቃል የበለጠ ያስደሰታቸው ነገር እንዳልነበረ ራሷ ተርካለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ድካም ከንቱ እንዳልቀረ የሚነግረው ሰው ማግኘት ለስደተኛ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አናውቅም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሙስሊሞች ለዑምራ መካ ገብተው ሲወጡ የሐምዛ ትንሽ ልጅ አጎቴ አጎቴ እያለች ተከተለቻቸው። ዓሊ፣ ዘይድና ጃዕፈር እኔ ላሳድጋት በሚል ተከራከሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጃዕፈር ፈረዱለት፤ ምክንያቱ ሚስቱ አስማ የልጅቷ የእናት እህት መሆኗ ነው። የእናት እህት በእናት ቦታ እንደምትቆም የተነገረው በዚህ አጋጣሚ ነው። አራተኛ ልጅ ወደ አስማ ቤት ገባች።

ቤቱ ሞልቶ የቆየው ግን ለጥቂት ወራት ነው። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ በጁማደል ኡላ ጃዕፈር ወደ ሙእታ ዘመተ። ዘይድ ሲወድቅ ባንዲራውን ያዘ፤ ሁለቱም እጆቹ ተቆረጡ፤ ሸሂድ ሆነ። አስከሬኑ ላይ ሃምሳ ቁስል እንደቆጠረ ኢብኑ ዑመር ተርኳል፤ አንዱም ከጀርባው አልነበረም።

በዚያች ቀን አስማ ቆዳ ስታለፋ አርፍዳ፣ ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባ ቅባት ቀብታቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው የጃዕፈርን ልጆች እንድታመጣላቸው ጠየቁ። ልጆቹን አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አስማ ስለ ጃዕፈር የሰሙት ነገር እንዳለ ስትጠይቃቸው መገደሉን ነገሯት። ጩኸቷን ሰምተው ሴቶች ተሰበሰቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሄደው ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ የደረሰባቸው ነገር ለራሳቸው እንዳይሠሩ አድርጓቸዋልና። ለሐዘን ቤት ጎረቤት ምግብ አብስሎ የሚወስድበት ሱና መሠረቱ ይህ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። ፀጉር አስተካካይ አስጠርተው የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። ሙሐመድ አያቱን አቡ ጧሊብን፣ ዐብደላህ ደግሞ እርሳቸውን በመልክም በጠባይም እንደሚመስል ተናገሩ። የዐብደላህን እጅ ይዘው በንግዱ እንዲባረክለት ዱዓ አደረጉ። አስማ ስለ ልጆቹ የቲምነት ስታነሳ ደግሞ እርሳቸው በዱንያም በአኼራም ጠባቂያቸው ሆነው ሳለ ድህነትን ልትፈራላቸው እንደማይገባ ነገሯት። በሌላ ጊዜም የልጆቹን ሰውነት መክሳት አይተው ተርበው እንደሆነ ጠየቋት። ረሃብ ሳይሆን ዓይን ቶሎ እንደሚያገኛቸው ስትነግራቸው ሩቅያ እንድታደርግላቸው ፈቀዱላት።

ከዚያ በኋላ አቡ በክር (ረ.ዐ) አገባት። በአሥረኛው ዓመተ ሂጅራ ለሐጀቱል ወዳዕ ሲጓዙ ዙል ሑለይፋ ላይ ሙሐመድን ወለደች። ምን ላድርግ ብላ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትልክ ታጥባ፣ በጨርቅ ታስራ ኢሕራም እንድትገባ አዘዟት። የወለደች ሴት ከሐጅ እንደማትቀር ፉቀሃዎች የሚጠቅሱት የእርሷን ታሪክ ነው።

በሐበሻ ያየችውን ነገር አልረሳችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ራሳቸውን በሳቱ ጊዜ በአፍ ጎን የሚሰጥ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ ነቅተው ይህ ከሐበሻ የመጡ ሴቶች ሥራ መሆኑን ወዲያው አወቁ፤ አልወደዱትምም። ፋጢማ (ረ.ዐ) ደግሞ ከአባቷ በኋላ በታመመች ጊዜ፣ የሴት አስከሬን በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጹ እየታየ መወሰዱ ይከብዳት ነበር። አስማ በሐበሻ ያየችውን ነገረቻት። እርጥብ የተምር ዘንጎች አስመጥታ ቃሬዛው ላይ አጎበጠቻቸው፤ በላዩ ጨርቅ ጣለችበት። ፋጢማ በጣም ወደደችው፤ ስትሞትም እንደዚያው እንዲደረግላት ተናዘዘች። ካጠቧት አንዷም አስማ ናት።

አቡ በክርም እንድታጥበው የተናዘዘው ለእርሷ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ሲሞት አጠበችው። ብርቱ ብርድ የነበረበት ቀን ነበር፤ እርሷም ጾመኛ ነበረች። ወጥታ ሙሃጂሮቹን ገላዋን መታጠብ ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ እንደማይኖርባት ነገሯት። በሌላ በኩል ያ በሐፍሷ ቤት የተከራከራት ዑመር ኸሊፋ ሲሆን ቀዳሚ ሙሃጂር ለሆኑ ሴቶች አበል ሲቆርጥ ለአስማ አንድ ሺህ ድርሃም መደበላት።

ኋላ ዓሊ (ረ.ዐ) አገባት፤ የሕያን ወለደችለት። በአንድ ቤት ያደጉት ሁለቱ ሙሐመዶች፣ የጃዕፈርና የአቡ በክር ልጆች፣ የኔ አባት ይበልጣል በሚል ሲከራከሩ ዓሊ እናታቸውን ፍረጂ አላት። እርሷም ከዐረብ ወጣት ከጃዕፈር የተሻለ፣ ከሽማግሌም ከአቡ በክር የተሻለ እንዳላየች ተናገረች። ዓሊ ለኔ ምንም አላስቀረሽልኝም ብሎ እንደሳቀባት ይተረካል።

ሙሐመድ ኢብኑ አቢ በክር በሠላሳ ስምንተኛው ዓመት በግብፅ ተገደለ። ወሬው ሲደርሳት አስማ ወደ መስገጃዋ ገብታ ቁጣዋን እንደዋጠች ይነገራል። ከዓሊ (ረ.ዐ) ሞት በኋላ ብዙ ሳትቆይ እርሷም ወደ አኼራ ሄደች። በሐበሻ የተወለደው የበኩር ልጇ ዐብደላህ ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓ ደርሶት በመዲና በንግድ ከበረ። የዓሊን ልጅ ዘይነብን አገባ። እጁ የማይታጠፍ ቸር ሆነ፤ የመዲና ሰዎች የቸርነት ባሕር እያሉ ሲጠሩት ኖሮ በሰማንያኛው ዓመተ ሂጅራ ሞተ።